በበጋ ጎማ የመጣ ሰው

ኖቬምበር 30
ሺዙኦካ፣ ከባሕሩ ዳር

ለተከበሩ ሆሺና ኪኑዬ ሳን
ኒኢጋታ፣ የመንገድ በረዶ ጠራጊዎች ጣቢያ

እኛ ዘንድ መንደሪኑ በስሎ ዛፉን አጉብጦታል። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ላይ ስስ ጉም ይተኛል፤ ረፋዱ ላይ ግን በሸሚዝ ይሠራል። ይህን የምጽፍልዎ ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለምን እንደዚያ ያለ ሞኝ ሆኜ እንዳገኙኝ እንዲገባዎት ብዬ ነው። በሸሚዝ የሚሠራ ሰው በረዶ አይታሰበውም።

ኢሶጋይ ቴሩማሳ እባላለሁ። ወደ ፍል ውሃው ማረፊያ በሚወጣው ዳገት ላይ አረንጓዴ ስፖርት መኪናውን አጋድሞ መንገድ የዘጋብዎት ሰው ነኝ። በሬዲዮ ለጣቢያው «ዳገቱ ላይ አንዲት እንቁራሪት መንገድ ዘግታለች» ሲሉ ሰምቼአለሁ። አልተቀየምኩም። ከመሬት ዝቅ ያለች፣ አረንጓዴ፣ ዓይኗ የፈጠጠ መኪና ናት፤ ሌላ ምን ይሏታል?

ጎማዋ የበጋ ጎማ ነበር። ሰፊ፣ ለደረቅ አስፋልት የተሠራ፤ በሞቃት መንገድ ላይ መሬቱን ሙጥኝ ይላል። እዚያ ዳገት ላይ ግን በብርዱ ደርቆ እንጨት ሆነ። መሪውን ወደ ግራ ብጠመዝዘው መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ነዳጅ ስሰጣት ኋላዋ ፊቷን ሊቀድም ተነሣ። ፍሬን ስይዝማ ጭራሽ እኔን ትታ በራሷ ፈቃድ ቁልቁል ተንሸራተተች። ወጣት ሳለሁ ጀምሮ መኪና እነዳለሁ፣ ያን ዕለት ግን ተሳፋሪ ነበርኩ።

ሁለተኛው በደሌ ምላሴ ነው። ከዚያ ትልቅ ማሽን መስኮት አንገትዎን አውጥተው «ልጎትትዎት?» ሲሉኝ «ግድ የለም» አልኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ የተባለ ሰው አንዴ ደግሞ ይጠይቃል፤ እኔም በሁለተኛው ላይ «እንግዲያውስ ካላስቸገርኩ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ «እሺ» ብለው መስኮቱን ዘጉና ወደ ሌላኛው መንገድ ሄዱ። እስኪመለሱ ድረስ ለማረፊያው ባለቤት የያዝኩትን መንደሪን በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ግማሹን በላሁት።

ጎትተው ካወጡኝ በኋላም መኪናዋን ራስዎ ነድተው ቁልቁል አወረዱልኝ። ያን አልረሳውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሳጥን መንደሪን ልኬአለሁ፤ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኳትን ካርድም ያንብቡልኝ። እግርዎ እንዳይበርደው እየተመኘሁ፣

ኢሶጋይ ቴሩማሳ


ዲሴምበር 9

ኢሶጋይ ሳን፣

በረዶ እየጣለ ነው። የእኔ የደብዳቤ ወግ ይኸው ነው፤ እስከ ማርችም ይኸው ይሆናል።

መንደሪኑ ደርሷል። ጣቢያ ያሉት ወንዶች በአንድ ቀን ጨርሰው ልጣጩን ምድጃው ላይ ደረደሩት፤ ቤቱ በሙሉ እናንተ አገር ሸተተ። አሁን ቴሌፎን በጮኸ ቁጥር «እንቁራሪቷ ናት?» ይባላል። ስም አውጥቼልዎታለሁና ይቻሉት።

ተቆጥተው ነበር ወይ ብለው በካርዱ ላይ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። መንገድ ስለዘጉ አይደለም። የቆሙበት ቦታ በረዶው ሸፍኖት አላዩትም እንጂ ከኋላ ጎማዎ ቀጥሎ ገደል ነው። እርስዎ መንደሪን ሲልጡ እኔ ሌላኛውን መንገድ በሩጫ ጠርጌ ነው የተመለስኩት። ባሌም በዚያ ገደል የሞተ እንዳይመስልዎ፤ እሱ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ዘመን ሆኖታል። ግን በየክረምቱ አንድ ሰው ከዚያ ገደል ስናወጣ ኖረናል።

ስለ «ግድ የለም» ደግሞ ልንገርዎ። እኛ ዘንድ በረዶ ውስጥ የቆመ ሰው የተናገረው ቃል ቃል ነው። ግድ የለም ካለ ግድ የለውም፤ እኛም ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። የሚጎተት ሰው «ጎትቱኝ» ይላል። ሁለት ጊዜ ለመጠየቅ ጊዜ ያለው ሰው ባሕር ዳር ይኑር።

መኪናዎን ስላወረድኩ አመስግነውኛል። ምስጋናው አይገባኝም፤ ለራሴ ደስታ ነው ያደረግኩት። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አድርጌ ነው የወረድኩት። እንዴት ያለች መኪና ናት! መሪዋ የመንገዱን ወሬ በሙሉ እጄ ላይ ታወራልኝ ነበር፤ የት በረዶ እንዳለ፣ የት ውሃ እንዳለ፣ የት ጠጠር እንዳለ። ከዚያ ወዲህ ማሽኔ ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ የተደፈነ ይመስለኛል።

የበረዶ ጎማ ይግዙላት፣ ወይም ይሽጧት። በባዶ እግሯ እንዲህ ያለ አገር አትላክም።

ሆሺና ኪኑዬ


ዲሴምበር 26

ሆሺና ሳን፣

የመጨረሻው ለቀማ አለቀ። ዛፎቹ ሸክማቸውን አራግፈው ቀና ብለዋል፤ የእኔ ወገብ ግን እንደጎበጠ ነው።

በፖስታ ካርድዎ ላይ የመኪናዋ ሁለተኛው ወንበር የማን እንደሆነ ጠይቀዋል። የሳቺ ነበር፣ የባለቤቴ። አረንጓዴውን የመረጠችው እሷ ናት። እኔ ግራጫ ፈልጌ ነበር፤ «ግራጫ መኪና የሚነዳ ሰው ምሳውን ቤቱ ይበላል» አለችኝና አበቃ። በየዓመቱ መኸር ለቀማው ፋታ ሲሰጠን፣ የቅጠሉን መቅላት ለማየት ወደ እናንተ ማረፊያ እንወጣ ነበር። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ብቻዬን ልውጣ አልኩ፣ ዘገየሁም፤ ቅጠል ላይ ልደርስ ሄጄ በረዶ ላይ ደረስኩ። ትናፍቀኛለች። የእርስዎ ደብዳቤ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን ሲያባርር አላየሁም።

ስለ ጎማው ትእዛዝዎን ተቀብዬ መንደራችን ወዳለው ጎሚስታ ሄድኩ። ኦኪትሱ ይባላል፣ አብሮ አደጌ ነው።

«የበረዶ ጎማ አምጣልኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ቴሩ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ? እዚህ አገር በረዶ የሚታየው ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«አምጣ አልኩህ። ልኩ ከሌለ እዘዝልኝ።»

ከአንዱ መኪና ስር ገብቶ ቁልፉን ሲያሽከረክር ቆየና «ሴት ናት አይደል?» አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያው ስር እንደተኛ «ሴት ናት!» ብሎ ለሠራተኞቹ፣ ለደንበኞቹ፣ መንገድ ለሚሻገረውም ሁሉ አወጀ። አሁን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ስለ በረዶ የማይጠይቀኝ ሰው የለም።

ያም ሆኖ ሥራውን ያውቃል። ለበረዶ ጠበብ ያለ ጎማ ይሻላል፣ ቸርኬውም አብሮ ይቀየር ብሎ አዟል። ከቶኪዮ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።

ከእናንተ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። መኪናዋን ሳቆም ዝናብ መጥረጊያዎቿን ሽቅብ አቆማለሁ፣ እናንተ በረዶ ከመስታወቱ ጋር እንዳያጣብቃቸው እንደምታደርጉት። ልጄ ሪትሱኮ ከመንደሪን ዛፉ ስር ሆና አየቻትና «አባዬ፣ መኪናህ እጇን ሰጠች እንዴ?» አለችኝ። እርሻውን ዘንድሮ ለእሷና ለባሏ አስረክቤአለሁ። ጎበዞች ናቸው። ምክር ሲጠይቁኝ ለእኔ ብለው እንደሚጠይቁኝ ይታወቀኛል።

ኢሶጋይ ቴሩማሳ


ጃንዋሪ 14

ኢሶጋይ ሳን፣

እንኳን አዲሱን ዓመት አየን። በረዶው የታችኛውን መስኮት ዘግቶ ወደ ላይኛው እየወጣ ነው። ከጎረቤት ጋር የወቀጥነውን የሩዝ ቂጣ ልኬልዎታለሁ። ጠብሰው ይብሉት፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃልና በትንሽ በትንሹ ይጎርሱ፣ እንደ መኪና አነዳድዎ በአንዴ ዘው አይበሉ።

ለባለቤትዎ ሙታኖቻችንን በምናስብበት የቤቴ መሠዊያ ላይ አንድ መንደሪን አስቀምጬላታለሁ። ስለ ግራጫው የተናገረችው ነገር ደስ ብሎኛል። ብንተዋወቅ የምንስማማ ይመስለኛል።

በአዲስ ዓመት ካርድዎ ላይ ማሽን መንዳቴን እስከ መቼ እቀጥል እንደሆነ ጠይቀዋል። እስከ ማርች መጨረሻ ነው። ዕድሜዬ ደርሷል፣ ኮንትራቱ ያበቃል። ልጄ ናኦያ ሳይታማ ውስጥ ፎቅ ላይ ይኖራል። እኔም ወደዚያ እንድገባ ይፈልጋል። ጥሩ ልጅ ነው። ሚስቱ የክፍሌን መጋረጃ ሳይቀር መርጣለች። በየክረምቱ ጣራ ላይ ወጥቼ በረዶ ስገፋ ልቡ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። በማርች መጨረሻ ቁርጡን ልነግረው ቃል ገብቼአለሁ፤ እሺ ካልኩ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሰው የማይኖርበት ቤት እዚህ አንድ ክረምት አይቆምምና።

አልሄድም ማለት እፈልጋለሁ። ግን «ለምን?» ሲለኝ የምመልስለት የለኝም። «በረዶ ለመጥረግ» ልበለው? ማሽኑን እንደሆነ ሊወስዱብኝ ነው።

ይህን ለምን ለእርስዎ እንደጻፍኩ አላውቅም። ጎማው መጣ?

ሆሺና ኪኑዬ


ፌብሩዋሪ 4

ሆሺና ሳን፣

እኛ ዘንድ የፕለሙ አበባ ፈንድቷል። ወሬውን በዚህ አሳጥሬዋለሁ፣ አበባ የሚያይ ልብ የለኝም።

ከሩዝ ቂጣው በኋላ የላኩልኝ አጭር ደብዳቤ ደርሶኛል። ጉንፋን ይዞኛል፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም ይላል። ጉንፋን ግን ፊደል አያጣምምም። የእርስዎን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ቁጡ፣ እንደተጠረገ መንገድ ነው። ይኼኛው ግን መስመሩን ስቶ ቁልቁል ይንሸራተታል። በበጋ ጎማ የጻፉት ይመስላል። ይህ የግራ እጅ ጽሕፈት ነው። ቀኝ እጅዎ የት ሄደ?

የሆነውን ይንገሩኝ። ጎማው መጥቷል፣ ተገጥሟል። ኦኪትሱ መኪናዋን ከክሪክ ሲያወርዳት «አሁን እንቁራሪት ሳትሆን ጫማ ያደረገች ልዕልት ናት» ብሏል። መምጣት እችላለሁ። አካፋ መያዝ አውቃለሁ፣ ሾርባ መሥራት አውቃለሁ፣ ማረፊያው ውስጥ ክፍል እይዛለሁ። ልምጣ?

ኢሶጋይ ቴሩማሳ


ፌብሩዋሪ 11

ኢሶጋይ ሳን፣

ዓይንዎ ጥሩ ነው። መንገድ ላይም እንዲህ ቢያዩ ኖሮ አንተዋወቅም ነበር።

ከጣራ ወድቄአለሁ። በረዶ ስገፋ አብሬው ሄድኩ። የወደቅኩት እዚያው የገፋሁት በረዶ ላይ ስለሆነ ተርፌአለሁ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ብቻ ተሰብሯል። በጄሶ ታስሯል። ማሽኔን ሌላ ሰው ይዞታል፣ ጥግ ጥጉን እያስቀረ ነው የሚጠርገው። ጎረቤቴ ሾርባ ታመጣልኛለች። ልጄ ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ አልጮኸም፣ መጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ የጄሶውን እጄን ይዞ ቆየ።

ያልነገርኩዎ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ይቅርታ።

መምጣትዎን በተመለከተ፣ ግድ የለም።

ሆሺና ኪኑዬ


ማርች 5

የተከበሩ ሆሺና ሳን፣

ቀኑ ረዝሟል፣ ብርዱም ቀንሷል። እጅዎ እየዳነ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ። ቃልዎን አክብሬ ከመምጣት ተቆጥቤአለሁ። ከመጻፍም የቆየሁት ላለማስቸገር ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። አዲሶቹን ችግኞች ተክለናል።

ወደ ሳይታማ የሚሄዱ ከሆነ አዲሱን አድራሻዎን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። በየዓመቱ መንደሪን እልክልዎታለሁ።

ጤና ይስጥልኝ።

ኢሶጋይ ቴሩማሳ


ማርች 11

ኢሶጋይ ሳን!

የምን አድራሻ? የምን ጤና ይስጥልኝ?

ጄሶው ተፈቷል፣ ይህን በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቢቀድ ከቁጣ እንጂ ከሕመም አይደለም። ደብዳቤዬን የላክሁ ዕለት ጎረቤቴን ለምኜ ደጄ ላይ ያለውን በረዶ አስጠረግኩ፣ በእንቁራሪቷ ልክ። እንግዳ መኝታውን በአንድ እጄ ምድጃ አጠገብ አሞቅኩት። ዓሣ ገዛሁ። ከዚያ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ያን ሳምንት በመንገዱ ያለፈውን መኪና ሁሉ ሞተሩን እየሰማሁ ለየሁት፤ አንዱም የእርስዎ አልነበረም። ዓሣውን ጎረቤቴ በላችው፤ «ባሕረኛሽ ጥሩ ነገር አመለጠው» እያለች በላችው።

ቃልዎን አክብሬ ይላሉ። ማን አክብር አለዎት?

አዎ፣ ቃል ቃል ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሄደው ደብዳቤውን አምጥተው ማሳየት አያስፈልግዎትም፣ አስታውሰዋለሁ። ያ ለመኪና ነው! መንገድ ላይ ለቆመ፣ ለሚጎተት ሰው ነው። አንዲት ሴት የተሰበረ እጇን ታቅፋ፣ በግራ እጇ እየዳከረች «ግድ የለም» ስትል እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል? የእናንተን አገር ልማድ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? አንዴ ደግሞ ይጠይቁኛል ብዬ እኮ ነው። አንዴ ደግሞ ቢጠይቁኝ «እንግዲያውስ ይምጡ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር።

እርስዎ የእኔ አገር ሰው ሆነው ቁጭ አሉ፣ እኔ የእርስዎ። ያናድዳል። ትናንት ብቻዬን ምድጃው አጠገብ ሆኜ ሳስበው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ አለቀስኩ። ይኸው ነገርኩዎ።

ለናኦያ ገና አልመለስኩለትም። ሃያ ቀን ቀርቶኛል።

እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያ ጎማ በርግጥ ተገጥሟል? ወይስ ለወሬ ነው?

ኪኑዬ


ማርች 17

ኪኑዬ ሳን፣

ስለ አየሩ የምጽፈው የለኝም። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ ሪትሱኮ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ብላ ነጥቃ አነበበችው። ስትጨርስ «አባዬ፣ አንተ ግን ደንቆሮ ነህ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እውነቷን ነው።

ጎማው ተገጥሟል። ምስክር አለኝ። ባለፈው ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ።

በፌብሩዋሪ የጻፉልኝ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ነው የተነሣሁት። መልስ እስኪመጣ መታገሥ አቃተኝ። ከተራሮቹ ሥር፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪናውን ሁሉ እያስቆሙ ጎማ የሚያዩበት ቦታ ደረስኩ። በረዶው መጣል ጀምሮ ነበር። አንድ ካፖርት የደራረበ ሰው ጎንበስ ብሎ መኪናዋን አየና «አይ፣ እንዲህ ያለችዋንማ አናሳልፍም» ሊል አፉን ሲከፍት ጎማዋን ተመለከተ። ተንበረከከ። በጓንቱ ዳበሰው። «አባቴ፣ አዲስ ናቸው!» አለኝ፣ «ይለፉ፣ ጎበዝ!» በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም።

ያን ጊዜ ሪትሱኮ በእጅ ስልኬ ደወለች። የእርስዎ ደብዳቤ ቤት ደርሶ ነበር። «የእጅዋን ነገር ጽፋለች፣ ላንብብልህ?» አለች። አነበበችልኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ግድ የለም። ስለ ዳገቱ የጻፉልኝ ትዝ አለኝ፤ ቃል ቃል ነው። አይምጡብኝ ብላለች፣ ሳትፈልግ ብሄድባት ሁለተኛ መንገድ መዝጋት ነው አልኩ። ሰውየው «ምነው፣ ይለፉ እንጂ!» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ መኪናዋን አዙሬ ተመለስኩ። ጎማዬ ፈተናውን አለፈ፣ እኔ ወደቅኩ።

ከእንግዲህ ሦስት ጊዜም ቢሆን እጠይቃለሁ። ግን አሁን የምጠይቅዎት ሁለት ትርጉም በማይወጣለት ቋንቋ ነውና እርስዎም እንደዚያው ይመልሱልኝ።

ከእርስዎ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ወደ ሳይታማ አይሂዱ። ቤቱም አይፍረስ። ክረምት ክረምት እኔ እዚያ እመጣለሁ፣ ጣራውን እኔ እወጣለሁ፤ ኖቬምበር ሲሆን ለመንደሪኑ ለቀማ አብረን ወደዚህ እንወርዳለን። ለናኦያ ሳን ራሴ ቀርቤ እናገራለሁ፤ ሊቆጣኝ መብቱ ነው። ናኦያ ሳን «ለምን?» ሲልዎት የሚመልሱት ነገር ብሆንልዎት ደስ ይለኛል። እወድዎታለሁ። ይህን በዚህ ዕድሜዬ በብዕር ስጽፍ እጄ እንደ እርስዎ ግራ እጅ ሆኖብኛል።

አዎ ወይም አይ ይበሉኝ። ሌላ ቃል አልቀበልም።

ቴሩማሳ


ኤፕሪል 5

ቴሩማሳ ሳን፣

አዎ።

ያዘገየሁት ለመኩራራት አይደለም። መጀመሪያ ለናኦያ መንገር ነበረብኝ፤ ሳይታማ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። መጋረጃው በርግጥ ቆንጆ ነው። «አልመጣም» አልኩት። «ለምን?» አለኝ፣ እንደፈራሁት። «ሰው አለኝ» አልኩ። ሚስቱ የያዘችውን ሰሃን ለቀቀችው። እሱ ስብርባሪውን ለቅሞ ጨረሰና «ይህ ሰው ጣራ መውጣት ይችላል?» አለኝ። ይማራል አልኩት። «በገመድ ይታሰር» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ግን እየሳቀ ነበር። በሜይ መጀመሪያ መጥቶ ሊያይዎት ነው። ይዘጋጁ፣ ከእኔ ይብሳል።

አሁን የምነግርዎትን በደንብ ያንብቡ። ከማረፊያው በላይ ያለው የተራራ መንገድ ክረምቱን በሙሉ ተዘግቶ ነው የሚከርመው። በረዶው በላዩ ላይ ከቤት ይበልጣል። እሱን ቆፍሮ መክፈት የዓመቱ የመጨረሻ ሥራ ነው፣ በጣቢያው ውስጥ ሁሉም የሚሻሙበት። ኮንትራቴ ያለቀ ቢሆንም ኃላፊውን ለመንኩት። ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አየና እሺ አለ። የጣቢያው ወንዶችም «ይሁንልሽ፣ የመጨረሻሽ ነው» ብለው ለቀቁልኝ። ከነገ ጀምሮ ከእኛ በኩል እየቆረጥኩ እወጣለሁ፤ ጫፉ ላይ ደርሼ ወደ ናጋኖ በኩል እወርዳለሁ። እርስዎ ከደቡብ የሚመጡበት በኩል ማለት ነው። አየሩ ካልከፋ በወሩ መጨረሻ ሰሞን መንገዱ በሚዘጋበት ታችኛው በር ጋ እወጣለሁ። ቀኑን ሲቀርብ በፖስታ ቤት ቴሌግራም እነግርዎታለሁ፤ በቴሌፎን አልነግርዎትም፣ ድምፄ እምቢ ሊለኝ ይችላል።

እዚያ በር ድረስ ይምጡ። ያ ጎሚስታ ጓደኛዎ ፀደይ ገባ ብሎ ጎማዎን ሊያወልቅ ቢነሣ አይስሙት፤ ከላይ ገና ክረምት ነው። ከበረዶው ግድግዳ ራቅ ብለው ይቁሙ። ማሽኔ የሚተፋው በረዶ መኪናዎን ከነነፍስዎ ይቀብራታል፣ እኔም እንደገና ሳወጣዎት መዋል አልፈልግም።

ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አልቆጥርም። በመጨረሻ ግድግዳው ሲሳሳ ከወዲያ በኩል ብርሃን ይገባል፣ ከዚያ ይናዳል፣ ከዚያ ባዶ መንገድ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ለብቻዬ ሻይ እጠጣና እመለሳለሁ። እንዲህ ነው ስኖር የኖርኩት፤ ከወዲያ በኩል የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ኪኑዬ